የቤት ካሴት ለሕዝብ ሲደርስ

ክርያት ጋት ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦች በብዛት ከሚኖሩባቸው የእስራኤል ከተሞች አንዷ ናት። የአያት ማሲንቆ፣ የቄስ ጸሎት ወይም የሠርግ ዘፈን የተቀዳበት ካሴት ያለው ቤተሰብ በእጁ የያዘው የግል ትዝታ ብቻ አይደለም፤ የማኅበረሰቡ ታሪክ ነው። እንዲህ ያለ ቀረጻ እንዴት ለሕዝብ እንደሚደርስ የሚያሳይ ድንቅ አብነት አለን።

እማሆይ ፅጌማርያም ገብሩ በ1923 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወለዱ። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተምረው፣ በኋላ ግሸን ማርያም መነኮሱ። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 ጀርመን ውስጥ ታተመ። ከ1984 ጀምሮ በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ ገዳም ኖረው፣ በ2023 በ99 ዓመታቸው አረፉ። ዓለም የሚያውቃቸው በፒያኖ ነበር። በ2024 ሚሲሲፒ ሬከርድስ ያሳተመው «ሱቬኒርስ» የተሰኘ አልበም ግን ሲዘፍኑ አሰማን። ዘፈኖቹን በደርግ ዘመን፣ አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት፣ በቴፕ የቀዱት ራሳቸው ናቸው። ውጭ ወፎች ይንጫጫሉ፤ ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማል። ስቱዲዮ ቢሆን ይህን ሁሉ ባስወገደው ነበር፤ ቤቱንና ዘመኑን የሚመሰክረው ግን እሱ ነው።

እንዲህ ያለ ቀረጻ እንዲተርፍ መጀመሪያ ካሴትን ማወቅ ያሻል። ካሴትን የፊሊፕስ ኩባንያ ያስተዋወቀው በ1963 ነው። ድምፁ የሚቀመጠው በቀጭን የፕላስቲክ ክር ላይ በተለበጠ የብረት ኦክሳይድ ነው። ሙቀትና እርጥበት ክሩን ይጎዱታል፤ ከማጫወቻው ራስ ጋር የሚያጣብቀው ትንሽ ስፖንጅም ከጊዜ ብዛት ይወልቃል። ከማጫወት በፊት በካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ጥርሶች መስበር ይገባል፤ ያኔ በስህተት በላዩ መቅዳት አይቻልም። ከዚያ የማጫወቻው ራስ በአልኮል ይጸዳል፤ ክሩም ከዳር እስከ ዳር አንዴ ይጠነጠናል። ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ባልተጨመቀ የዋቭ ፋይል፣ በ24 ቢትና ቢያንስ በ48 ኪሎኸርዝ ይሁን። የቴፑን የጀርባ ጫጫታ ማጽዳት የሚሻ በሌላ ቅጂ ላይ ይሥራ፤ የመጀመሪያው አይነካ።

ከማሽኑ ሥራ የሚበልጠው ግን ስም መመዝገብ ነው። የቤተ እስራኤልን፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድን፣ ጸሎት ቮልፍ ሌስላው በ1947፣ ኬይ ሸለመይ ደግሞ በ1973 ጎንደር ውስጥ ቀድተዋል። ሁለቱም ተመራማሪዎች ከውጭ የመጡ ነበሩ። የቤት ካሴት ግን የሚናገረው ከውስጥ ነው፤ ማሲንቆውን የመታው ማን ነው? ሠርጉ የማን ነው? መንደሩ የት ነው? ዜማው በአማርኛ ነው፣ በትግርኛ ወይስ በግዕዝ? ይህን የሚመልሱት ድምፁን የሚለዩ አዛውንቶች ብቻ ናቸው። ያልተጻፈ ስም ከእነሱ ጋር ያልፋል፤ ስም የሌለው ቀረጻ ደግሞ የማንም ሳይሆን ይቀራል።

ካሴቱ የእኛ መሆኑ ዘፈኑን የእኛ አያደርገውም። በእስራኤል ሕግ የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ 70 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ ወራሾች ተሰብስበው መስማማት አለባቸው፤ ጸሎት ከሆነም ቄሶችን ማማከር ተገቢ ነው። ስምምነቱ ሲያልቅ አንድ ቅጂ ኢየሩሳሌም ለሚገኘው የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የድምፅ ቤተ መዛግብት መስጠት ይቻላል፤ የቀሩት ቅጂዎች በቤተሰቡ እጅ፣ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጡ።

ካሴት ያላችሁ ሁሉ፣ ለሕዝብ ከማድረሳችሁ በፊት ለእናታችሁ ወይም ለአጎታችሁ አጫውቱላቸው፤ የሚሉትንም በስልካችሁ ቅዱ። ያ ምስክርነት የቀረጻው ግማሽ ነው።