ድር ቢያብር አንበሳ ያስር

ደሴት የሚባለው በውኃ የተከበበ መሬት ብቻ አይደለም። በሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት ከምትገኘው ከቱነይድባ ቆሞ ዙሪያውን ለሚመለከት ሰው፣ የማሽላውና የሰሊጡ እርሻ እንደ ባሕር ተዘርግቶ ይታየዋል። ከዚያ በስተ ደቡብ ያለው የዲንደር ዱርና በእኛ በኩል በቋራ ምድር የሚዋሰነው አልጣሽ፣ በዚህ ባሕር ዳርቻ የቀሩ የአራዊት ደሴት ናቸው።

ዲንደር የተከለለው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። አልጣሽ በ1998 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ ስፋቱም 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። አራዊቱ ግን የሰውን ድንበር አያውቁም። በበጋ፣ ከደጋችን የወረደው ጎርፍ በዲንደር ኩሬዎች ባስቀረው ውኃ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ ክረምት ሲገባ ወደ ከፍታው ይበተናሉ።

በ2008 ዓ.ም. በዶክተር ሃንስ ባወር የተመራ ቡድን በአልጣሽ የአንበሳ ዱካ አገኘ፤ ምስሉንም በካሜራ ያዘ። ተመራማሪዎቹ በሁለቱ ፓርኮች ከ100 እስከ 200 አንበሶች ሊኖሩ እንደሚችሉ ገመቱ። ይህ የምሥራች ነው። ነገር ግን ቀድሞ በዲንደር ይኖር የነበረው ቀጭኔ ዛሬ የለም።

አበው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ። እኛም ይህን አባባል በሌላ ትርጉሙ እናስታውሰው። ማር ቆራጩ ሳያጠፋው የሄደው እሳት፣ የከብት መንጋው፣ የከሰል አክሳዩ መጥረቢያና የአዳኙ ጥይት እያንዳንዳቸው ቀጭን ድር ናቸው፤ ሲያብሩ ግን አንበሳውን ያስሩታል።

በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ያፈናቀላቸው ወገኖች በቱነይድባ መጠለያ ሲያርፉ፣ ለልጆቿ ድስት የምትጥድ እናት እንጨት መፈለጓ ግድ ነበር። እርሷን መውቀስ አይገባም። ችግር ሳያስገድደን የምናጠፋ ግን ምን ምክንያት እናቀርባለን?

እንግዲህ በጠረፍ ለሚቆም ወታደር የተሰጠው ጥይት ለጥበቃ እንጂ ለአደን አይደለም። ከሰፈር ሲነሣ እሳቱን አፈር ያልብሰው፤ የሲጋራውን ቁራጭም በደረቅ ሣር ላይ አይጣል። የቤት እመቤትም የዱር ሥጋ ከደጇ ሲደርስ አልቀበልም ትበል፤ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃም ትጠቀም። ባል ከተኩስ ሲታቀብ፣ ሚስት ከእንጨቱ ስትቆጥብ፣ ይህም ድር ነው፤ ይህኛው ግን አንበሳውን የሚያስር ሳይሆን የሚያተርፍ ነው።

ልጆቻችን አንበሳን በሥዕል ብቻ እንዳያውቁት አደራው የእኛ ነው።