ቀላል ጥያቄ፣ ረጅም መንገድ፦ ከዲኤችአይኤስ 2 ሪፖርት ስናወጣ



የጤናና የአይቲ ተማሪዎች የሆንን ለተግባር ልምምድ ወደ ደጀን፣ ቢቸና ወይም ሞጣ ስንወጣ ከዲኤችአይኤስ 2 ጋር መገናኘታችን አይቀርም። ጤና ሚኒስቴር በአገር አቀፍ ደረጃ የሚጠቀምበት ይህ የጤና መረጃ ሥርዓት በኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚለማ፣ በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው። ቁጥር ማስገባቱ አያስቸግርም። «ባለፈው ወር በወረዳው የወባ ሕመምተኛ የመዘገቡት የትኞቹ ጤና ጣቢያዎች ናቸው?» የሚል ቀላል ጥያቄ ሲመጣ ግን ብዙዎች ይቸገራሉ። ለምን?

አንደኛ፣ የመጀመሪያው ዲኤችአይኤስ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በደቡብ አፍሪካ ሲሠራ በማይክሮሶፍት አክሰስ ላይ ነበር። ፋይሉ በቢሮው ኮምፒውተር ስለሚቀመጥ ዳታቤዙን በቀጥታ መጠየቅ ይቻል ነበር። አሁን ዳታቤዙ ያለው በማዕከል ሰርቨር ላይ ነው፤ የወረዳው ባለሙያ የሚያገኘው ሜኑውን ብቻ ነው። ይህ መረጃውን ከጥፋት ይጠብቃል፤ እንደልብ መጠየቅን ግን ይገድባል።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ቁጥር የሚቀመጠው «ምን፣ የት፣ መቼ» ተብሎ ነው። ሪፖርት ለማውጣት ሦስቱንም መምረጥ ግድ ይላል።

ሦስተኛ፣ ሪፖርቱ የሚወጣው አስቀድመው ከተዘጋጁ የትንተና ሠንጠረዦች ነው። እነሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚታደሱት ሌሊት ነው። ዛሬ የገባ ቁጥር ዛሬ ካልታየ ጠፋ ማለት አይደለም።

ከሁሉም የሚከብደው ባዶው ሳጥን ነው። ሥርዓቱ በተለይ ካልታዘዘ በቀር ዜሮን አያስቀምጥም። ስለዚህ «ሕመምተኛ የለም» እና «ሪፖርት አልተላከም» አንድ ዓይነት ባዶ ሆነው ይታያሉ። ወደ ዓባይ በረሃ በወረዱት ቀበሌዎች ወባ ቢነሳ፣ ባዶውን እንደ ዜሮ ያነበበ ሰው መድኃኒቱን ወደ ሌላ ቦታ ሊልክ ይችላል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

• ከሠንጠረዡ ጎን የሪፖርት ምሉዕነትን እናውጣ። የሚቆጠረው መረጃ አስገቢው «ተጠናቋል» የሚለውን ሲጫን ብቻ መሆኑንም እናስታውስ።
• የሠራነውን ሠንጠረዥ ስም ሰጥተን እናስቀምጥ። ጊዜውን «ያለፈው ወር» ካልነው በየወሩ ራሱ ይቀየራል።
• ሜኑው የማይሠራውን ወደ ኤክሴል አውጥተን እንጨርስ።
• ባዶ ካየን ጤና ጣቢያው ጋ ደውለን እንጠይቅ።

ሪፖርት አማና ነው። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጀርባ መድኃኒት የሚጠብቅ ሰው አለ።