የደንገል ታንኳ

ታንኳ ከደንገል አገዳ ተጠፍሮ የሚሠራ ጀልባ ነው። ጣውላም ሚስማርም አይገባበትም። በኢትዮጵያ ይበልጥ የሚታወቀው በጣና ሐይቅ ነው፤ ቅርጹ በጥንት ግብፃውያን ሥዕሎች ላይ ከሚታዩት የደንገል ጀልባዎች ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። ሆኖም የደንገል ጀልባ የጣና ብቻ አይደለም።

ለአርሲ ሰው ቅርቡ ያለው ዝዋይ ሐይቅ ላይ ነው። ከጭላሎና ከገላማ ተራሮች ወደ ምዕራብ የሚወርደውን ውሃ የከታር ወንዝ ሰብስቦ ዝዋይ ያስገባዋል። ሐይቁ ጥልቅ አይደለም፤ አማካይ ጥልቀቱ ከ3 ሜትር በታች ነው፤ ዳሩንም በብዙ ቦታ ፊላና መሰል ሣር ሸፍኖታል። በሐይቁ ውስጥ አምስት ደሴቶች ሲኖሩ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። የደሴቶቹ ነባር ነዋሪዎች ዛዮች ናቸው፤ ቋንቋቸው ከሐረሪና ከስልጤ ጋር ይዛመዳል። ኮረብታውን በእርከን ያርሳሉ፣ ይሸምናሉ፣ ቆሮሶና አምባዛ ያሰግራሉ። እህል ወደ ገበያ፣ ሙሽራ ወደ ሠርግ፣ ሕመምተኛ ወደ ሐኪም የሚሻገረው በውሃ ነው፤ ስለዚህ ለዛይ ልጅ መቅዘፍ እንደ መራመድ ሁሉ ገና በልጅነቱ የሚለምደው ነው።

የታንኳው ምስጢር ያለው በተክሉ ውስጥ ነው። የደንገል አገዳ ሦስት ማዕዘን አለው፤ ከላይ አረንጓዴና ጠንካራ ልባስ፣ ከውስጥ ነጭ፣ ለስላሳና አየር የሞላበት ክፍል ነው። የሚያንሳፍፈው ይኸው አየር ነው። የእንጨት ጀልባ ከተበሳ ውሃ ገብቶ ይሰጥማል፤ ታንኳ ግን ውሃ የሚይዝ ሆድ የለውም። ሞገድ ቢመታው ውሃው በአገዳው መሃል አልፎ ይወርዳል፤ ጀልባው ይርሳል እንጂ በአንድ ጊዜ አይሰጥምም።

ሠሪው የበሰለውን ደንገል ከሥሩ አጭዶ ፀሐይ ላይ ጥቂት ያደርቀዋል። ከዚያ አገዳውን በነዶ በነዶ ይደረድርና በልጥ ገመድ አጥብቆ ይጠፍረዋል። መጀመሪያ ወለሉ ይታሰራል፤ ቀጥሎ ግራና ቀኙ ከፍ ይደረጋል። ፊቱ ይሾልና ወደ ላይ ይቀናል፤ ኋላው ግን ደፍጠጥ ብሎ ይቀራል። በወለሉ ላይ ሌላ የደንገል ድርብርብ ይነጠፋል፤ ሰውም ጭነትም የሚቀመጠው እዚያ ላይ ስለሆነ ከታች ውሃ ቢዘልቅ እንኳ እህሉና ማገዶው አይርስም። ገመዱ ከላላ አገዳው ይበተናልና፣ የሠሪው ችሎታ ዋና መለኪያ ማሰሩ ነው። በባሕር ዳር አካባቢ ይህን ሙያ ከሁሉ ይልቅ ጠብቀው የኖሩት ነገደ ወይጦዎች ናቸው።

ታንኳ ሸራ የለውም። ቀዛፊው ረጅም የቀርቀሃ ዘንግ ይዞ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ውሃውን ይገፋል፤ የውሃው ጥልቀት ሲያንስ በዚያው ዘንግ መሬቱን እየተመረኮዘ ይነዳል። ጉዞው ማለዳ ይመረጣል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ሐይቁን ያናውጠዋል። ከጉዞ መልስ ታንኳው ወደ ዳር ተጎትቶ ፀሐይ ይመታዋል፤ ውሃ የጠጣ ደንገል ይከብዳል፣ ቶሎም ይበሰብሳል። ተጠንቅቀው ቢይዙትም ዕድሜው በወራት የሚቆጠር በመሆኑ ሠሪው ሥራ አይፈታም።

እንዲህ ያለው ተክል ውቅያኖስ ይችላል ብሎ የገመተ ጥቂት ነበር። ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል ከጣና የተቆረጠ ደንገል ወደ ግብፅ አስጭኖ፣ በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ከቻድ ሐይቅ በመጡ ሠሪዎች «ራ» የተባለች ባለ ሸራ ጀልባ አሠራ። በ1961 ዓ.ም. ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ ተነሥታ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ከተጓዘች በኋላ ኋላዋ ረግቦ ካሪቢያን ሳትደርስ ተተወች። በቀጣዩ ዓመት ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሰዎች አጥብቀው ያሰሯት «ራ ሁለት» ከዚያው ወደብ ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። የመጀመሪያዋ ጀልባ ጉድለት ከደንገሉ ሳይሆን ከአሠራሯ እንደነበር ይህ ያመለክታል።

ዛሬ የሞተር ጀልባ ጣና ላይም ዝዋይ ላይም በዝቷል፤ ፈጣንና ብዙ የሚጭን በመሆኑ ተመራጭ መሆኑ አያስደንቅም። ታንኳን ይበልጥ የሚያሳስበው ግን የደንገሉ መመናመን ነው። የሐይቁ ዳር እየታረሰ፣ ከብት እየጋጠው፣ ረግረጉ እየደረቀ ሄዷል፤ ጣና ላይ ደግሞ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ እምቦጭ የተባለው አረም ተጨምሮበታል። ደንገል ከሌለ ሙያውን የሚማሩበት ነገር አይኖርም፤ ዓሣም የሚፈለፈልበትን ጥላ ያጣል፣ ከማሳ የሚታጠበውም አፈር ያለ ማጣሪያ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። በጣናም ሆነ በዝዋይ ዳር የሚያርስ ሁሉ ለደንገሉ የሚበቃ የውሃ ዳር ሳይነካ ሊተውለት ይገባል።