ጥቁሩ ጨርቅና ማንም ያላየው ጾም

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1965 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት፣ ዴ ሞይን ከተማ ጥቂት ተማሪዎችና ወላጆች ተሰብስበው ሁለት ነገር ለማድረግ ወሰኑ። በቬትናም ጦርነት ለሞቱት ማዘናቸውን ለማሳየትና ተኩስ እንዲቆም ለመጠየቅ ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ ያስራሉ፤ ዲሴምበር 16 ቀንና በአዲስ ዓመታቸው ዋዜማ ደግሞ ይጾማሉ። ስለ ጨርቁ ብዙ ተጽፏል። ጾሙን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው፤ በዚህ በረመዳን እኔን ወደ ታሪኩ የሳበኝም እሱ ነው።

የከተማዋ ርእሳነ መምህራን ወሬውን ሲሰሙ፣ ጨርቅ አስሮ የመጣ ተማሪ እንዲፈታ ይጠየቅ፣ እምቢ ካለ ይታገድ የሚል ደንብ አወጡ። የ13 ዓመቷ ሜሪ ቤዝ ቲንከርና የ16 ዓመቱ ክሪስቶፈር ኤክሃርት ደንቡን እያወቁ አስረው ሄዱ። የሜሪ ቤዝ ወንድም፣ የ15 ዓመቱ ጆን፣ በማግስቱ ተከተላቸው። ሦስቱም ታገዱ። የቲንከር ልጆች አባት የሜቶዲስት ቄስ ነበሩ፤ ቤታቸው ላይ ቀይ ቀለም ተረጨ።

ስለ ጾሙ ደንብ አልወጣም። እንዴትስ ይወጣል? ጾም በባሪያውና በጌታው መካከል ያለ ነገር ነው፤ በር ላይ ቆሞ የተራበ ሆድ የሚፈትሽ ዘበኛ የለም። ልብስ ግን በአደባባይ ስለሚታይ ሰው ሁሉ ፈራጅ ይሆንበታል።

ከሦስት ዓመት በላይ ከፈጀ ክርክር በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1969 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰባት ድምፅ ለሁለት ለተማሪዎቹ ፈረደ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ኤብ ፎርታስ እንዳሉት፣ ተማሪ ሐሳቡን የመግለጽ መብቱን ከትምህርት ቤት ደጅ ጥሎ አይገባም። መከልከል የሚቻለው ትምህርቱን በእርግጥ የሚያውክ ወይም የሌላውን መብት የሚነካ ሲሆን ነው፤ ይረብሽ ይሆናል የሚል ስጋት ብቻውን አይበቃም። በዚያው ከተማ የምርጫ ባጅ፣ የናዚ ምልክት ተደርጎ የሚታየው የብረት መስቀል ሳይቀር፣ ሲደረግ ዝም መባሉንም አስተዋሉ። ተለይቶ የተከለከለው ጥቁሩ ጨርቅ ነበር።

ካልተስማሙት አንዱ ዳኛ ሁጎ ብላክ፣ ልጆች ትምህርት ቤት የሚላኩት ሊማሩ እንጂ ሊያስተምሩ አይደለም ብለው ሥርዓቱ እንዳይላላ ሰጉ። ኡስታዝ ፊት ተንበርክኮ የቀራ ሰው ይህን ስጋት አይንቅም፤ በእኛ ዘንድ አደብ ከዕውቀት ይቀድማል። ይሁንና በተራዊህ ሰላት ኢማሙ አንዲት አያ ቢዘል፣ ከኋላው የቆመ ቁርኣን የሐፈዘ ታዳጊ ድምፁን አሰምቶ ያርመዋል። ኢማሙ ይመለሳል፣ ሰላቱም ይቀጥላል፤ ማንም አደብ ጎደለው አይለውም። ከኋላ ሆኖ የሚስቅና የሚጮህ ልጅ ግን ሌላ ነው። ፎርታስ ያሰመሩት መስመር ከዚህ የራቀ አይመስለኝም።

በሀገራችንም በ2017 ዓ.ም. የአክሱም ሙስሊም ተማሪዎች በሒጃባቸው ምክንያት ከትምህርት ገበታ ሲቀሩና ጉዳያቸው ፍርድ ቤት ሲደርስ ብዙዎቻችን ተቆርቁረናል። ሒጃብ ለለባሿ ዒባዳ ነውና ከፖለቲካ ምልክት ጋር አንድ አላደርገውም። ነገር ግን ስለ ሴት ልጆቻችን «ማንን አወከች?» ብለን የምንጠይቀው ጥያቄ ለማንወደው ባጅም ይሠራል ወይ? እኔ ይሠራል እላለሁ። ሐሳቡ ቢያስከፋኝም፣ አርፎ እስከተማረ ድረስ ተማሪው ይማር። ምልክቱ አጠገቡ የተቀመጠውን ልጅ የሚያስፈራራ ከሆነ የሌላ መብት ተነክቷልና ይከልከል።

በብሔር ጠብ ደም በፈሰሰበት ግቢ የርእሰ መምህሩ ስጋት ባዶ ላይሆን እንደሚችል አውቃለሁ። ስለዚህ ትምህርት ቤት የልብስ ደንብ ሊያወጣ ወላጆችን ሲጠራ ቀርታችሁ በኋላ ከምታማርሩ፣ ሄዳችሁ ጠይቁ፦ ምን ታወከ? መቼ? የሌሎቹስ ምልክት እንዴት ሊታይ ነው?