ምጣዱ ለምን ዘገየ?

በጥምቀት ዋዜማ የጎንደር ሰፈር ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲጋግር፣ ሊጡ በደንብ ቦክቶ፣ ምጣዱም ታስሶ ሳለ እንጀራው ዓይን አላወጣ፣ ከምጣዱም አልላቀቅ ይላል። ጋጋሪዋ «ኮረንቲው ደክሟል» ትላለች። እውነቷን ነው። ምን ያህል እንደደከመ ደግሞ በሁለት ቁጥሮች ማለትም በቮልትና በአምፔር ይሰላል።

ቮልት ኤሌክትሪኩን በሽቦ ውስጥ የሚነዳው ግፊት ነው፤ አምፔር የሚያልፈው ፍሰት መጠን ነው። ቮልቱ ለአምፔሩ ሲካፈል የሽቦው ሬዚስታንስ፣ ማለትም ፍሰቱን የሚቋቋምበት መጠን፣ በኦም ይገኛል። ሁለቱ ሲባዙ ኃይሉ በዋት ይወጣል። መለኪያው ኦም የተባለው፣ ጀርመናዊው መምህር ጌኦርግ ኦም ይህን የግፊትና የፍሰት ዝምድና በ1827 እ.ኤ.አ. ስላሳተመ ነው።

ከምጣዱ ሸክላ ሥር እየተጠማዘዘ የተቀበረ ሽቦ አለ። በ220 ቮልት 16 አምፔር የሚስብ ከሆነ ሬዚስታንሱ 13.75 ኦም፣ ኃይሉ 3520 ዋት ነው። አሁን ቮልቱ ወደ 180 ይውረድ። የቀነሰው ከአምስት አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ሙቀቱም በዚያው ልክ የሚቀንስ ይመስላል። ሽቦው ግን ያው 13.75 ኦም ስለሆነ ግፊቱ ሲወርድ ፍሰቱም አብሮ ወደ 13.1 አምፔር ይወርዳል። ሁለቱ ሲባዙ የሚገኘው 2356 ዋት ገደማ ነው። ከሙቀቱ ሲሶው ጠፋ ማለት ነው። ለእኔ የዚህ ሒሳብ ዋናው ትምህርት ይህ ነው፤ ጋጋሪዋ በእጇ የምታውቀውን በቁጥር ያስረዳል።

ቮልቱ የት ቀረ? አንዱ መልስ መስመሩ ላይ ነው። በዳባትና በደባርቅ ደጋ ከትራንስፎርመር ርቆ የተሠራ ቤት እናስብ። መሄጃና መመለሻው ሽቦ በድምሩ 1.25 ኦም ቢሆን፣ ከምጣዱ ጋር 15 ኦም ይሆናል፤ የሚያልፈው 14.7 አምፔር ገደማ ነው። ከ220ው ቮልት 18 ያህሉ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ወደ 270 ዋት የሚጠጋ ኃይልም ሽቦውን ሲያሞቅ ይባክናል። የጣና በለስ ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ነበረው፤ ቀጭንና ረጅም የሰፈር መስመር ካለ ግን ያ ሁሉ አቅም ለመጨረሻዋ ቤት ምጣድ አይደርስም።

የምጣድ ሽቦ ሲበጠስ ጫፍና ጫፉን ጠምዝዞ መቀጠል የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልመክረውም። ሽቦው ባጠረ ቁጥር ሬዚስታንሱ ይቀንሳል። አሥረኛው እጅ ቢቆረጥ 12.4 ኦም ገደማ ይቀራል፤ 17.8 አምፔር ስቦ ከ3900 ዋት በላይ ያወጣል። ምጣዱ ፈጥኖ ይግላል፤ ስፒናውና ሶኬቱም አብረው ይግላሉ።

ሒሳቡ ለሁሉም ዕቃ እኩል አይታመንም። የድሮው ባለክር አምፖል ሲበራ ሬዚስታንሱ ከቀዝቃዛው አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ያድጋል፤ ሳይበራ የተለካ ኦም ያሳስታል። የምጣድ ሽቦ ግን ብዙውን ጊዜ የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ስለሆነ ቢግልም እምብዛም አይለወጥም። ስለዚህ ስፒናው ከሶኬት ተነቅሎ፣ ማብሪያው ክፍት ሆኖ፣ ሁለቱ እግሮቹ በመለኪያ ይለካሉ። 13 ወይም 14 ኦም ካሳየ ምጣዱ ደኅና ነው፤ ድካሙ ከመስመሩ ነው። 10 ካሳየ 22 አምፔር ሊስብ ነውና አይሰካ። ምንም ካላነበበ ሽቦው አንድ ቦታ ተበጥሷል።