ያውቁ ኖሯል? ከቦሌ የተነሡት ቤተ እስራኤላውያን

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያንን (የኢትዮጵያ አይሁዶችን) ወደ እስራኤል እንደሸኘ ያውቁ ኖሯል? ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ከወጡ ገና ሦስት ቀናቸው ነበር። ዘመቻ ሰሎሞን በተባለው በዚህ ጉዞ ብዙ ሰው ለመጫን ወንበራቸው የተነቀለ አውሮፕላኖች ተመላለሱ፤ በአንዱ ቦይንግ 747 ብቻ ከ1,000 በላይ ሰው ተሳፈረ። በጉዞው የተወለዱ ሕፃናትም ነበሩ።

እነዚህ ሰዎች በጎንደርና በአካባቢው ለዘመናት ባረሱት መሬት ላይ ርስት ተነፍገው ኖረዋል። ነገሩ ከ15ኛው መቶ ዘመን ንጉሥ ከዐፄ ይስሐቅ ድንጋጌ ጋር ይያያዛል፤ ርስት የሚወርሰው የተጠመቀ ብቻ ነው የሚል። ሃይማኖታቸውን ላለመተው ጢሰኛ ሆኑ፣ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸክላ ሠሩ፣ ሸማ ሸመኑ። ይህ ጽናታቸው በታሪካችን የሚገባውን ቦታ አላገኘም። ጢሰኝነት በሕግ የተሻረው በ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

በእስራኤልም የማንነት ጥያቄ ጠበቃቸው። ዋናው ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973 አይሁድነታቸውን አጽንተው ነበር። ሆኖም ቀድመው የገቡት እ.ኤ.አ. በ1985 የሃይማኖት ባለሥልጣናት የጠየቋቸውን በውኃ የመንጻት ሥርዓት ተቃውመው ኢየሩሳሌም ውስጥ አደባባይ ወጡ። ቄሶቻቸው የግእዝ ኦሪት ይዘው ተራራ ላይ የሚያከብሩት ስግድ እ.ኤ.አ. በ2008 በእስራኤል ብሔራዊ በዓል ሆኗል።