ከካዛንቺስ እስከ ዳሎል፦ የመስክ መኪና ፊዚክስ

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ካዛንቺስ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አካባቢ የሚመላለስ ሰው፣ ከተራው የከተማ መኪና ለየት ያሉ ላንድክሩዘሮችን ማየቱ አይቀርም። ጎማቸው ወፍራም ነው። ከፊታቸው የብረት መከላከያ፣ በጎናቸው ከኮፈኑ እስከ ጣሪያው የሚዘልቅ ጥቁር ቧንቧ፣ በአናታቸው ደግሞ በተለምዶ «ፖርቶ መጋላ» የምንለው የዕቃ መጫኛ ይታያል። ከእነዚህ መኪኖች ከፊሎቹ የእርዳታ ሠራተኞችን፣ ከፊሎቹ አገር ጎብኚዎችን፣ ሌሎቹም ለመስክ ጥናት የሚወጡ ተመራማሪዎችን ይዘው ወደ አፋር፣ ወደ ባሌ ወይም ወደ ኦሞ የሚጓዙ ናቸው።

እነዚህ ሁሉ ተጨማሪ ዕቃዎች ለምን ተገጠሙ? ለጌጥ የተገጠሙ የሚመስላቸው ጥቂቶች አይደሉም። ነገር ግን ከእያንዳንዳቸው ጀርባ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምንማረው የፊዚክስ ሕግ አለ። ከዚህም በላይ፣ አንድን ችግር የሚፈታ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ሌላ ችግር ይዞ ይመጣል። በመሆኑም መኪናን ለሩቅ ጉዞ ማዘጋጀት በመጀመሪያ ደረጃ የስሌት ሥራ ነው። መካኒክ በቀላሉ በማይገኝበት በረሃ የስሌት ስሕተት ዋጋው የሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል።

አየር ሲሳሳ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ፣ ማለትም 76 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። በባሌ ሳነቲ አምባ መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ሲወጣ ግፊቱ ወደ 62 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። በአንጻሩ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በሚገኘው የዳሎል አካባቢ 103 ኪሎ ፓስካል ገደማ ይደርሳል። አንድ መኪና በአገራችን ውስጥ ብቻ ተጉዞ ይህን ያህል የግፊት ልዩነት ይገጥመዋል ማለት ነው።

ናፍጣ የሚቃጠለው በኦክስጅን ነው። አየሩ ሲሳሳ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ የሚገባው ኦክስጅን ስለሚቀንስ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ ከጉልበቱ ወደ አንድ አራተኛ የሚጠጋውን ሊያጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውና በብዙ ላንድክሩዘሮች ላይ የተገጠመው ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር የዚህ ዓይነት ነው። ቱርቦ አየሩን ጨምቆ በማስገባት ጉድለቱን ያካክሳል።

ከፍታ የውኃን የመፍያ ነጥብም ዝቅ ያደርጋል። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን፣ ሳነቲ ላይ ግን 87 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የሞተር ማቀዝቀዣ ውኃ እዚህ ሙቀት ላይ የማይፈላው የራዲያተሩ ክዳን ከከባቢ አየር በላይ 90 ኪሎ ፓስካል ያህል ተጨማሪ ግፊት አፍኖ ስለሚይዝ፣ የመፍያ ነጥቡም ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ ነው። ጎሚኒው ያረጀ አንድ ክዳን ይህን ጥበቃ ያሳጣል። የጋለ ሞተርን ክዳን መክፈት የሚያቃጥለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ግፊቱ በድንገት ሲለቀቅ ውኃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ይፈነዳል።

ጥቁሩ ቧንቧ ለሞተሩ ከመሬት ከፍ ያለና አቧራው ቀለል ያለ አየር ይስብለታል። ይህ ማለት ግን ሙላት የሞላውን ወንዝ በድፍረት ለማቋረጥ ፈቃድ ነው ማለት አይደለም። ውኃ ሳይገባበት ወንዝ ውስጥ የቆመ፣ 1.7 ሜትር ስፋትና 4.4 ሜትር ርዝመት ያለው የመኪና አካል በእያንዳንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት 750 ሊትር ያህል ውኃ ይገፋል። በአርኪሜደስ ሕግ መሠረት ውኃውም በምላሹ የ750 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ወደ ላይ ያነሣዋል። ጎማው መሬትን የመቆንጠጥ አቅሙን የሚያጣው፣ መኪናውም በጅረቱ የሚወሰደው በዚህ ጊዜ ነው።

የጎማው ሂሳብ

ሙሉ ጭነት የያዘ መኪና 3,200 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። እያንዳንዱ ጎማ 800 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 7,840 ኒውተን ያህል ይሸከማል። የጎማው ግፊት 300 ኪሎ ፓስካል ከሆነ መሬትን የሚነካው የጎማ ስፋት በግምት 260 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ግፊቱን ወደ 150 ብንቀንሰው ስፋቱ ወደ 520 ያድጋል። የጎማው ግድግዳ ራሱ ጥቂት ክብደት ስለሚሸከም ቁጥሩ በትክክል እጥፍ ባይሆንም፣ ሾፌሮች አሸዋ ሲገጥማቸው ጎማ የሚያስተነፍሱበትን ምክንያት ያስረዳናል። ክብደቱ በሰፊ ቦታ ላይ ሲያርፍ አሸዋው አይሰምጥም። ነገር ግን በተነፈሰ ጎማ አስፋልት ላይ በፍጥነት መንዳት ጎማውን ደጋግሞ በማጣጠፍ ያግለዋል፤ መጨረሻውም መፈንዳት ነው። አየር መሙያ ፖምፓ ከመኪናው መለየት የሌለበት ለዚህ ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ እናንሣ። አዲስ አበባ ላይ በ20 ዲግሪ ሙቀት 250 ኪሎ ፓስካል የተሞላ ጎማ ዳሎል ሲደርስ ስንት ያሳያል? መለኪያው የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን የግፊት ልዩነት ነው። ስለዚህ የጎማው ፍጹም ግፊት 250 ሲደመር 76፣ ማለትም 326 ነው። ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ ዳሎል ላይ 326 ሲቀነስ 103፣ ማለትም 223 ያሳይ ነበር። በ45 ዲግሪ የቀትር ሙቀት ግን ፍጹም ግፊቱ በ318 እና በ293 ኬልቪን ጥምርታ አድጎ 354 ይሆናል፤ መለኪያውም 251 ያሳያል። ከፍታው የቀነሰውን ሙቀቱ መለሰው ማለት ነው። ሌሊት ሙቀቱ ወደ 28 ዲግሪ ሲወርድ ደግሞ መለኪያው 232 ያሳያል። ጎማው ሳይቀደድ ጠዋት ጎድሎ መገኘቱ ሾፌሩን ሊያስደነግጠው አይገባም። ቁም ነገሩ የጎማ ግፊት በደረሱበት ቦታ፣ ጎማው ሳይግል መለካት እንዳለበት ማወቅ ነው።

ጣሪያ ላይ ወይስ ወለል ላይ?

3,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ የስበት ማዕከሉ ከመሬት 85 ሴንቲ ሜትር ላይ የሚገኝ፣ በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መካከል 1.5 ሜትር ያለው መኪና እንውሰድ። 200 ኪሎ ግራም ዕቃ በ70 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ ወለሉ ላይ ብንጭን የስበት ማዕከሉ 84 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ያንኑ ዕቃ በ2.1 ሜትር ከፍታ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ብንጭነው ግን ወደ 93 ይወጣል። በዚህ ላይ ባሌስትራውን በማስነሣትና ትልልቅ ጎማ በመግጠም መኪናውን 8 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብናደርገው 101 ይደርሳል።

በጽንሰ ሐሳብ ደረጃ የመጀመሪያው መኪና ወደ ጎን 42 ዲግሪ ገደማ እስኪያዘነብል አይገለበጥም፤ የመጨረሻው ግን በ37 ዲግሪ ላይ ይገለበጣል። ራዲየሱ 50 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ የመገልበጫ ፍጥነቱ በሰዓት ከ75 ወደ 69 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። የእውነተኛ መኪና አሞርዛተር፣ ባሌስትራና ጎማ ስለሚተጣጠፉ ትክክለኛው ወሰን ከዚህም ያነሰ ነው። ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፦ ከባድ ነገር ወደ ታች፣ ቀላል ነገር ወደ ላይ። ድንኳንና ፍራሽ ጣሪያ ላይ ይውጡ፤ ውኃ፣ ናፍጣና መሣሪያ ወለሉ ላይ በቀበቶ ይታሰሩ።

የክብደት በጀት

አራት ሰዎች ለአምስት ቀን፣ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 6 ሊትር ውኃ ቢያዝ 120 ሊትር፣ ማለትም 120 ኪሎ ግራም ይሆናል። ለ500 ኪሎ ሜትር አስቸጋሪ መንገድ በየ100 ኪሎ ሜትሩ 20 ሊትር ናፍጣ ቢታሰብና 30 በመቶ መጠባበቂያ ቢጨመርበት 130 ሊትር፣ በክብደት 110 ኪሎ ግራም ያህል ይመጣል። ሰዎቹ 300፣ የብረት መከላከያውና የመጎተቻው ዊንች 100፣ ሁለት ቅያሪ ጎማና መሣሪያ 110፣ ድንኳንና ስንቅ 100 ኪሎ ግራም ቢሆኑ ድምሩ 840 ይደርሳል። ይህ ድምር አምራቹ ለመኪናው ከፈቀደው የጭነት ልክ ማለፍ የለበትም። ከዚህ በጀት የሚቀነስ ነገር ሲፈለግ የብረት ጌጡ ይቀነስ እንጂ ውኃው ፈጽሞ አይነካም።

የተወጠረ ገመድ

መኪና አሸዋ ውስጥ ሲቀረቀር በመጀመሪያ አካፋና ከጎማ ሥር የሚገባ ሳንቃ፣ ቀጥሎም ክሪክ፣ በመጨረሻ ገመድ ይምጣ። 3,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ብቻ እየሄደ የሚለጠጥ ገመድ ሲወጥር 12,300 ጁል ያህል ኢነርጂ ይዞ ነው። ገመዱ ተበጥሶ የዚህ አንድ አሥረኛ ብቻ ወደ 3 ኪሎ ግራም የብረት መንጠቆ ቢተላለፍ፣ መንጠቆው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር በሚያህል ፍጥነት ይወነጨፋል። መኪና ሲጎተት ለማየትና ለማገዝ ሰው ዙሪያውን መሰብሰቡ የአገራችን የተለመደ ደግነት ነው። ይሁን እንጂ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ከገመዱ ርዝመት በላይ ወደ ጎን እንዲርቅ ማድረግ የሾፌሩም የተማሪውም ግዴታ ነው።

ለመስክ ጥናት ለምትወጡ ተማሪዎች አንድ መልመጃ እንተውላችሁ። ዳሎል ላይ በቀትር፣ በ45 ዲግሪ ሙቀት 250 ኪሎ ፓስካል የተሞላ ጎማ ሳነቲ ላይ በ5 ዲግሪ ሙቀት ስንት ያሳያል? የሚያስፈልጉት ቁጥሮች በሙሉ ከላይ ተሰጥተዋል። መልሱን ካገኛችሁ በኋላ፣ መኪናችሁ ከመንቀሳቀሱ በፊት የጎማ መለኪያ መያዙን አረጋግጡ።